ለጽዳት የበቃ ሪፖርት በወንጀል ችሎት ሲመዘን

ሊቢ በአሜሪካ ሞንታና ግዛት የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ከተራራዋ ይወጣ የነበረው ቨርሚኩላይት የቤት ጣሪያ ሙቀት መጠበቂያ ሆኗል፤ በየጓሮው አትክልት ተበትኗል፤ በትምህርት ቤት መሮጫ ሜዳ ላይ ሳይቀር ተነጥፏል። ከማዕድኑ ጋር ግን ሳንባን የሚጎዳው አስቤስቶስ አብሮ ይወጣ ነበር። ማዕድን ማውጫውን እ.ኤ.አ. በ1963 የገዛው ደብሊው አር ግሬስ ኩባንያ በ1990 ዘጋው። የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ባለሙያዎች ናሙና ሊሰበስቡ የደረሱት በ1999፣ ጉዳዩ በጋዜጣ ከወጣ በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ክሶች በአንድ ዳኛ፣ በዶናልድ ሞሎይ ፊት ቀረቡ። የመጀመሪያው መንግሥት የከተማዋ ጽዳት ወጪ ይተካልኝ ብሎ በኩባንያው ላይ ያቀረበው የፍትሐ ብሔር ክስ ነበር። በዚህ ዓይነት ክርክር ስለ ጽዳቱ አስፈላጊነት ፍርድ ቤቱ የሚጠይቀው ኤጀንሲው ያለ በቂ መነሻ በዘፈቀደ ወስኗል ወይ ብሎ ብቻ ነው። ስለዚህ የባለሙያዎቹ ሪፖርት ብዙም ሳይፈተን አለፈ፤ በ2003 ኩባንያው 54.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተፈረደበት።

በ2005 የተከፈተው የወንጀል ክስ ግን ኩባንያውና ኃላፊዎቹ “እያወቁ ሰውን ለአደጋ አጋልጠዋል” የሚል ነበር። የፌዴራል የጤና ባለሙያዎች ከ6 ሺህ በላይ ሰዎችን ደረት በራጅ መርምረው ያዘጋጁትን ጥናት ዳኛው በማስረጃነት አልተቀበሉትም። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2007 ይህን ሻረ። ጥናቱ በራሱ መንስኤን ባያረጋግጥም፣ ተገቢው መሠረት እስከተጣለለት ድረስ ባለሙያው ለአስተያየቱ ሊመረኮዝበት ይችላል አለ።

ተቀባይነት ማግኘት ግን ማስረዳት አይደለም። የወንጀል ድንጋጌው የወጣው በኅዳር 1990 ነው፤ በራጅ የሚታየው ጠባሳ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአሥርት ዓመታት በፊት የተተነፈሰ ብናኝ ውጤት ነው። ሳንባ ቀን አይመዘግብም። የትኛው ኃላፊ ምን ያውቅ እንደነበርም ራጅ አይናገርም። በዚህ ላይ ዐቃቤ ሕግ ዋና ምስክሩን የሚመለከቱ ሰነዶችን ለተከሳሾች በወቅቱ አላስረከበም፤ ዳኛውም ጁሪው የምስክሩን ቃል በጥንቃቄ እንዲመዝን አሳሰቡ። ግንቦት 8 ቀን 2009 (እ.ኤ.አ.) ኩባንያውና በችሎቱ የቀሩት ሦስት የቀድሞ ኃላፊዎች በነፃ ተሰናበቱ።

ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ኤጀንሲው በሊቢ የሕዝብ ጤና አስቸኳይ ጊዜ አወጀ። ነገሩ ፌዝ ሊመስል ይችላል። በእኔ እይታ ግን ሁለቱ ውሳኔዎች አይጣሉም። አንዱ ከተማዋ ታማለች ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ሌላው ይህ ሰው፣ በዚህ ቀን፣ እያወቀ አድርጎታል ወይ ይላል። ጥፋቱ ለመጀመሪያው ጥያቄ የተሠራ ሪፖርት ሁለተኛውን ይመልሳል ብሎ መጠበቁ ላይ ነው። ብክለትን በወንጀል ሊከስ የሚያስብ ዐቃቤ ሕግ ከባለሙያው ጋር መቀመጥ ያለበት ናሙናው በሚወሰድበት ሰዓት ነው፤ ክሱን ከጻፈ በኋላ ሲጠራው ባለሙያው የሚያመጣለት የሌላ ጥያቄ መልስ ይሆናል።