«ቡና ቤት» እና «ጀበና ቡና»፦ ስለ አንድ የመሰብሰቢያ ስፍራ ስያሜ

በአማርኛ «ቤት» የሚለውን ቃል በሁለተኛነት ይዘው የሚመሠረቱ ጥምር ስሞች ብዙ ናቸው። ከእነዚህም መካከል ጠጅ ቤት፣ ጠላ ቤት፣ ሻይ ቤትና ምግብ ቤት በአንድ ወገን የሚመደቡ ሲሆኑ፣ የመጀመሪያው ስም በቤቱ ውስጥ የሚሸጠውን ነገር ያመለክታል። «ቡና ቤት»ም በአመሠራረቱ ከእነዚሁ ጋር የሚቆጠር ነው፤ በትርጉሙ ግን ከመሰሎቹ ተለይቷል። ዛሬ ቡና ቤት ሲባል ሰሚው በቅድሚያ የሚያስበው ቢራና አረቄ የሚቀዳበትን፣ ሲመሽ የሚደምቀውን ቤት እንጂ ቡና የሚፈላበትን አይደለም። ቡና ጨርሶ የማይገኝበት ቢሆን እንኳ ስሙን የሚከለክለው የለም።

እንዲህ ያለው የትርጉም ሽግግር በአማርኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። የዐረብኛው «ቀህዋ» የቡና ስም ከመሆኑ በፊት በጥንቱ የግጥም ቋንቋ የወይን ጠጅ መጠሪያ ነበር። ስለዚህ ዐረብኛው ከወይን ጠጅ ወደ ቡና ሲሻገር፣ የእኛው በተቃራኒው ከቡና ወደ መጠጥ ተሻግሯል ማለት ነው። በኢራንም ትርጉሙ በቀጥታ «ቡና ቤት» የሆነው «ቀህቬ ኻኔ» ዛሬ በይበልጥ ሻይ የሚጠጣበት ስፍራ ነው።

የ«ቡና ቤት» ጉዳይ ግን በዚህ ብቻ አይቆምም። ቃሉ መጠጥ ቤትን ብቻ ሳይሆን ለመጠጥ ቤት የሚሰጠውን ግምትም ተሸክሟል። «የቡና ቤት ሴት» የሚለውን ሐረግ የቋንቋው ተናጋሪ እንዴት እንደሚረዳው ማስረዳት አያስፈልግም። እንግዲህ በሰፈሯ ጥግ ከሰል አቀጣጥላ፣ ቄጤማ ጎዝጉዛ፣ ለጎረቤትና ለመንገደኛ ቡና እያፈላች ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ሥራዋ በጽሑፍ እንዲመዘገብ ሲፈለግ በምን ስም ይመዝገብ? ጥያቄው የቃላት ጨዋታ አይደለም፤ የሰው ክብር ያለበት ነው።

ይህን ለመመርመር የአሶሳ ከተማና የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ጥሩ ምሳሌ ይሆናሉ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ ይሁን እንጂ በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ የተባሉት ነባር ሕዝቦች የየራሳቸው ቋንቋ ስላላቸው፣ አማርኛ ለብዙዎቹ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋ ነው። በ1970ዎቹ በሰፈራ ከወሎ የመጡት ደግሞ አማርኛቸውንና የቡና ሥርዐታቸውን ይዘው መጥተዋል። አማርኛን በትምህርት የለመደ ሰው «ጠጅ ቤት»ን በተረዳበት መንገድ «ቡና ቤት»ንም ቢረዳ ሊፈረድበት አይገባም። አብዛኛው ሙስሊም በሆነው በበርታ ማኅበረሰብ ዘንድ ደግሞ የቡናና የአልኮል ስም በአንድ ቃል መቀላቀሉ ከቋንቋ ስሕተት ያለፈ ትርጉም ይኖረዋል።

ሕዝቡ ግን መፍትሔውን ካገኘው ቆይቷል። የጣሊያን የቡና ማሽን ከነማኪያቶው በከተሞቻችን ከመስፋፋቱ በፊት ቡና ማለት በጀበና የተፈላው ነበርና «የጀበና» የሚል መለያ አላስፈለገውም። የማሽኑ ሲመጣ ነባሩ መለያ አስፈለገው። «የፈረንጅ ዶሮ» ከመጣች በኋላ የቀድሞዋ ዶሮ «የሐበሻ ዶሮ» ተብላ እንደ ተሰየመች ሁሉ፣ ነባሩ ቡናም «የጀበና ቡና» ተባለ። ቀጥሎም «የ» ወደቀና «ጀበና ቡና» ሆነ፤ የአገናዛቢው ምእላድ መውደቅ ሐረጉ ወደ ጥምር ስምነት ለመሸጋገሩ ምልክት ነው። በመጨረሻም የመጠጡ ስም ወደ ስፍራው አለፈ፤ «ጀበና ቡና ጋ እንገናኝ» የሚል ሰው ስለ መጠጡ ሳይሆን ስለ ቦታው መናገሩ ነው። ከክልሉ ድንበር ማዶ በሱዳን ዐረብኛ «ጀበና» የሚለው ቃል ዕቃውንም በውስጡ የተፈላውንም ቡና ይጠራል። የአማርኛው ጒዞ አንድ ርምጃ ይቀድማል፤ ከዕቃው ወደ መጠጡ፣ ከመጠጡም ወደ መሰብሰቢያው ደርሷል።

መሰብሰቢያ መሆኑን የሚያረጋግጠው ደግሞ ግሡ ነው። «ጠጣ» ከሚለው የተገኘው «ተጣጣ» የእርስ በርስ ድርጊትን ያመለክታል፤ ከዚያም «አጣጭ» የሚለው ስም ይወጣል። የትዳር ጓደኛ «የውሃ አጣጭ» ሲባል፣ የቅርብ ጎረቤት «ቡና አጣጭ» ይባላል። የዕድር ወሬ፣ የታመመ ሰው ጥየቃ፣ የተጣላ ሰው ዕርቅ የሚጀመረው በዚሁ ዙሪያ ነው። «አቦል» ከዐረብኛው «አወል» (መጀመሪያ)፣ «በረካ»ም ከ«በረካ» (ቡራኬ) መምጣታቸው ግልጽ ነው፤ «ቶና»ን ከ«ሣኒ» (ሁለተኛ) ጋር ማዛመድ የተለመደ ቢሆንም የድምፅ ለውጡ እንደ ሌሎቹ የቀና አይደለም። የሆነ ሆኖ ሦስቱ ስሞች ተቀማጩ እስከ ፍጻሜው እንዲቆይ የሚያስገድዱ ናቸው። በአቦል ብቻ መነሣት አያምርም።

የስያሜ ሥራ በዚሁ ክልል ምን ያህል ሊፈጥን እንደሚችል የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ አሳይቶናል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. በጉባ የመሠረት ድንጋዩ ከተጣለበት ጊዜ አንሥቶ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. እስከ ተመረቀበት ድረስ «ኮርቻ ግድብ» በትርጉም ተገኝቷል፤ ሐይቁም «ንጋት» ተብሎ ተሰይሟል። ለ5,150 ሜጋዋት ግድብ ስያሜ የሚያፈላልጉ ባለሙያዎችና ጋዜጠኞች አይታጡም። ለሰፈር ጀበና ግን ስም ያወጡለት ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ በዚህ ረገድ የአካዳሚ ሥራ አዲስ ቃል መፍጠር ሳይሆን ያለውን መመዝገብ ነው። «ካፌ» የማሽኑን ቡና ቤት ይዟልና ይቆይለት፤ አልፎ አልፎ የሚሰነዘረው «የቡና መጠጫ አዳራሽ» የሚለው ሐሳብም በርጩማ ላይ የሚቀመጥ ሰው አፍ ላይ የሚገባ አይመስለኝም።

በ1993 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል ካሳተመው የአማርኛ መዝገበ ቃላት ቀጥሎ ለሚዘጋጅ መዝገበ ቃላት የሚከተለው ቢቀርብ ይበጃል፦

ቡና ቤት (ጥ. ስ.)፦ አልኮል ያለው መጠጥ የሚሸጥበት ቤት፤ መጠጥ ቤት። (ቀደም ባለ ወይም በቀጥታ ፍች) ቡና ተፈልቶ የሚሸጥበት ቤት።

ጀበና ቡና (ጥ. ስ.)፦ 1. በጀበና የተፈላ ቡና። 2. እንዲህ ያለ ቡና በስኒ እየተቀዳ የሚሸጥበት፣ ጎረቤትና መንገደኛ ተቀምጦ የሚጨዋወትበት ስፍራ። «ጀበና ቡና ጋ ጠብቀኝ።»

ቡና አጣጭ (ጥ. ስ.)፦ ዘወትር ቡና አብሮ የሚጠጣ ጎረቤት ወይም ወዳጅ።