በጤና ኤአይ ላይ ኢንተርንሺፕ ለምትወጡ የምሥራቅ ጎጃም፣ የይጁቤ ልጆች

«ኢንተርንሺፓችንን በጤና ኤአይ ምርምር ላይ መሥራት እንፈልጋለን፤ ምን ይዘን እንሂድ?» እያላችሁ በውስጥ መስመር የምትጽፉልኝ በርክታችኋል። ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው። እኔም ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሬ ኢንተርንሺፔን የሠራሁት በጤና መረጃ ላይ ስለሆነ፣ የምነግራችሁ እዚያ ካየሁት ተነሥቼ ነው።

ከምትልኩልኝ ርዕስ አብዛኛው ተመሳሳይ ነው። ከኢንተርኔት የደረት ራጅ ወይም የቆዳ ፎቶ ማውረድ፣ ኮላብ ላይ ሞዴል ማሠልጠን፣ ከዚያ ውጤቱን በመቶኛ ጽፎ ሪፖርት ማስገባት። ለልምምድ አይከፋም። ግን ይህን ለመሥራት ጤና ተቋም መመደብ አያስፈልጋችሁም፣ ዶርም ቁጭ ብላችሁ ትጨርሱታላችሁ። ተቋም ገብታችሁ ልትማሩት የሚገባው ነገር ዳታው ከማን፣ በማን እጅ፣ እንዴት እንደተሰበሰበ ነው። የጤና ኤአይ ሥራ የሚሳካውም የሚበላሸውም እዚያ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

የራሳችንን በሽታ ምሳሌ ላድርግ። በጎጃም ደጋ ያደገ ሰው በዝሆኔ እግሩ ያበጠ ጎረቤት ወይም ዘመድ አይቶ ያውቃል። እኛ ደጋ ላይ የሚታየው ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው ነው። ትል አያመጣውም፣ ትንኝ አያስተላልፈውም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ሲሄዱ የአፈሩ ደቃቅ ቅንጣት በቆዳ ይገባል፤ በዘር ተጋላጭ በሆነ ሰው ላይ የሊምፍ መስመሮችን ይጎዳና እግር ያብጣል። ይህ ሳይታወቅ «ይጋባል»፣ «እርግማን ነው» እየተባለ ስንቱ ከጋብቻና ከማኅበር ተገልሏል!

ይህ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ የት የት እንዳለ በማሽን ለርኒንግ የተሠራ ካርታ አለ። ዶክተር ከበደ ደሪቤና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙት ጥናት ነው። በ775 ወረዳዎች፣ በ1,442 የመንደር ማኅበረሰቦች፣ ከ141,238 ሰዎች የተገኘ መረጃ ተጠቅመዋል። ሞዴሉ ብዙ ትንንሽ የውሳኔ ዛፎችን እየደረደረ፣ ተከታዩ ዛፍ የቀደመውን ስህተት እያረመ የሚሄድ ዓይነት ነው። ከፍታው፣ የዝናቡ መጠንና በአፈሩ ውስጥ ያለው ደለል ሲጨምር በሽታው የመኖሩ ዕድልም እንደሚጨምር አሳየ። ለበሽታው በሚመች አካባቢ የሚኖረው ሕዝብ በ2010 እ.ኤ.አ. 34.9 ሚሊዮን ያህል እንደነበርም ገመተ።

ስልተ ቀመሩን ዛሬ ማንም የሦስተኛ ዓመት ተማሪ በጥቂት መስመር ኮድ ያስኬደዋል። ከባዱ «ይህ ሰው ፖዶኮኒዮሲስ አለበት» የሚለውን መልስ፣ ማለትም ሌብሉን፣ ማግኘቱ ነበር። ከወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች ሪፖርት ተነሥተው የሚዳሰሱ መንደሮችን መረጡ፤ ቦታው ድረስ ሄደው ሰው መረመሩ። በትንኝ የሚተላለፈው ሌላው የዝሆኔ ዓይነትም እግር ስለሚያሳብጥ፣ ሁለቱን ለመለየት ከጣት ደም ተወስዶ በመመርመሪያ ካርድ ታየ። በስልክ ካሜራ ዝሆኔን የሚለይ አፕ ልንሠራ ነው ያላችሁኝ ልጆች፣ ከፎቶው ጀርባ የደም ምርመራው ውጤት ከሌላችሁ ማሽኑን ምን ልታስተምሩት ነው?

ሌላው መዝገብ ነው። ጤና ጣቢያ ስትገቡ ካርድ ክፍልና ተመላላሽ ክፍል ያሉትን መዝገቦች አስፈቅዳችሁ ተመልከቱ። የዕድሜው ዓምድ ላይ 30፣ 35፣ 40፣ 45 ይበዛል፤ ገበሬው በግምት ይናገራል፣ ባለሙያውም የተባለውን ይጽፋል። ቀኑ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ነው። ጳጉሜን ላይ የታከመ ሰው ቀኑ 03/13/2015 ተብሎ ሲገባ፣ ቅርጹ ቀን/ወር/ዓመት መሆኑን ከነገራችሁት ፓይተን 13ኛ ወር ስለማያውቅ አልቀበልም ይላል፤ ይኼ እንኳ ወዲያው ይታወቃል። የሚያስፈራው ዝም ብሎ የሚያልፈው ነው። 15/02/2016 ጥቅምት 15 ነው። ሶፍትዌሩ ግን የ2016 እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ ብሎ ያነበዋል። እኛ ወረዳ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ወባ አለ፤ ወባ ደግሞ ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከመስከረም ጀምሮ ነው የሚበረታው። ቀኑ ካልተቀየረ ሞዴላችሁ የጥቅምትን ወባ በጋ መሀል ያስቀምጠዋል፤ በዚያ ትንበያ መሠረት መድኃኒትና አጎበር ቢላክ ሰው ከታመመ በኋላ ይደርሳል። ይህን የሚያውቀው የእኛ ልጅ ነው፤ ሌላ አገር ያለ መሐንዲስ በምን ያውቀዋል?

ደግሞ የታካሚው ጥቅም አይረሳ። እዚሁ ምሥራቅ ጎጃም አነደድ ወረዳ 696 የፖዶኮኒዮሲስ ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት ተደርጎ፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። ሕክምናው እግርን መታጠብ፣ ቆዳን ማለስለስ፣ ፋሻ፣ እንቅስቃሴ፣ ካልሲና ጫማ ነበር። እግር እየጋለና እያበጠ አልጋ ላይ የሚጥለው ሕመም ሕክምናውን ወዲያው ባልጀመሩት ላይ በዓመት በአማካይ 23.9 ጊዜ ሲነሣ፣ በጀመሩት ላይ ወደ 19.4 ወረደ። ሕመሙ በተነሣ ቁጥር ምልክት የሚያደርጉት ሕሙማኑ ራሳቸው ነበሩ፤ ቤታቸው በተሰጣቸው መከታተያ ላይ። እንዲህ ያለ ዳታ ነው ክብር የሚገባው። 19 ጊዜም ቢሆን ለአንድ ገበሬ ብዙ ነውና ሥራው ገና አላለቀም። ሳሙናና ጫማው ለየትኛው ቀበሌ ቀድሞ ይድረስ የሚለውን የሚያግዝ ሞዴል፣ እግር ዓይቶ «ያበጠ ነው» ከሚል አፕ ይልቅ ይጠቅማል።

ስለ ፈቃድ አጥብቄ ልናገር። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የጤና መረጃም ልዩ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነው። የታካሚ ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ የመዝገብ ፎቶ በቴሌግራም አትላላኩ። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ጊዜ ይወስዳል፤ ተመድባችሁ ከሄዳችሁ በኋላ ከጀመራችሁት ሴሚስተሩ ያልቅባችኋል።

ስለዚህ ለመውጣት የተዘጋጃችሁ፣ አድቫይዘራችሁን አሁኑኑ አናግሩ። የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ «የትኛው ሪፖርት ነው የሚያስቸግራችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ርዕሳችሁን ከዚያ አውጡ። ሁለት ገጽ ረቂቅ የጻፈ ይላክልኝ፤ አንብቤ አስተያየቴን እመልሳለሁ።