ፀሐይን ቶርኖ ላይ ያወጣው ባለሙያ

የፀሐይ አምላክ የሱርያ ሚስት ሳንጅና የባሏን ግለት መቋቋም አቃታት። ጥላዋን ቻያን በቦታዋ ተክታ ከቤት ጠፋች። ነገሩ ሲገለጥ አባቷ ቪሽዋካርማ ሽማግሌ አልሰበሰበም፤ አማቹን ቶርኖ ላይ አውጥቶ ከብርሃኑ ከስምንት አንዱን እጅ ላጠው። ከፍቅፋቂውም ቪሽኑ የሚወረውረውን ክብ ስለት፣ የሺቫን ባለሦስት ጫፍ ጦር፣ ሌሎችንም የአማልክት መሣሪያዎች ሠራ። በቪሽኑ ፑራና የተጻፈውን ይህን ታሪክ ስለ ቪሽዋካርማ ከሚነገሩት ሁሉ አስበልጣለሁ። የባልና ሚስትን ችግር እንኳ በባለሙያ ዓይን ነው ያየው፦ የበዛው ይቀነሳል፣ የተቀነሰውም አይጣልም።

ቪሽዋካርማ የሂንዱ አማልክት አናጺ፣ ግንበኛና አንጥረኛ ነው። በጥንታዊው ሪግ ቬዳ ግን ከዚህም ይልቃል። በአሥረኛው መጽሐፍ 81ኛውና 82ኛው መዝሙሮች በየአቅጣጫው ዓይን፣ ፊት፣ ክንድና እግር ያለው የዓለም ሠሪ ነው። ገጣሚዎቹ የሚጠይቁትም የአናጺ ጥያቄ ነው፤ ሰማይና ምድር የተጠረቡበት እንጨት ከየትኛው ዛፍ እንደተገኘ፣ ሠሪውም ሲሠራ በምን ላይ እንደቆመ ማወቅ ይፈልጋሉ። በኋላ ዘመን ትረካዎች ለሌሎች አማልክት የሚሠራ ሆነ። የወርቅ ከተማዋ ላንካ፣ የክሪሽና ከተማ ድዋርካ፣ ፑሽፓካ የተባለው በራሪ ሠረገላ የእጁ ሥራ ናቸው። ራማ ወደ ላንካ የተሻገረበትን ድልድይ የሠራው ናላም ልጁ ነው።

የቪሽዋካርማ በዓል በየዓመቱ ሴፕቴምበር 17 ገደማ፣ በእኛ መስከረም 7 አካባቢ፣ በተለይ በቤንጋል፣ በአሳም፣ በኦዲሻና በቢሃር ይከበራል። ቦታው ፋብሪካው፣ ጋራዡና ወርክሾፑ ነው። መዶሻው፣ መጋዙ፣ ማሽኑ ታጥቦ በአበባ ያጌጣል፤ በዚያ ቀን ሥራ የለም። በአብዛኛው ነጭ ጢም ያለው ሽማግሌ ሆኖ ይሣላል፤ ቤንጋሎች ግን ዝሆን ላይ የተቀመጠ ጎልማሳ ያደርጉታል።

በኦዲሻ፣ በፑሪ ከተማ፣ የጃጋናት ቤተ መቅደስ ዝነኛ ምስሎችም ከእርሱ ጋር ይያያዛሉ። አፈ ታሪኩ እንዲህ ነው፦ ሽማግሌ አናጺ መስሎ ለንጉሥ ኢንድራድዩምና ምስሎቹን ሊቀርጽ ተስማማ፤ ሥራው እስኪያልቅ በሩን ማንም እንዳይከፍት አስጠነቀቀ። ከቀናት በኋላ የመሣሪያው ድምፅ ጠፋ። ንግሥቲቱ ሽማግሌው ሞቶ ይሆናል ብላ ሰጋች፤ በሩም ተከፈተ። አናጺው የለም፤ ምስሎቹ እጅና እግራቸው ሳይወጣ ቀርተዋል። ጨራሽ ግን አልተፈለገም፤ እንዳሉ ተመለኩ። ምስሎቹ የኒም እንጨት ስለሆኑ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 19 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ በአዲስ ይተካሉ። በ2015 እ.ኤ.አ. ሲተኩም ጠራቢዎቹ አዲሶቹን የቀረጿቸው በዚያው ቅርጽ ነው፤ ትልልቅ ዓይን ያላቸው፣ እጃቸው ያላለቀ።