በሽታው ከወዴት መጣ?

የታመመ ሰው ለመጠየቅ ስትሄዱ አልጋው አጠገብ ሁልጊዜ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ከምን መጣበት?» የሚል። ሕመሙ ወባ ወይም ቲቢ ከሆነ መልሱ ቀላል ነው። አእምሮን የሚያውክ ሲሆን ግን ጥያቄው መልኩን ይለውጣል። አንዱ መተት ይጠረጥራል፤ ሌላው «በዘራቸው አለ» እያለ ያንሾካሹካል፤ አንዳንዱ ደግሞ የበሽተኛውን ኃጢአት መፈለግ ይጀምራል። የመጋቢ ሚስት እንደ መሆኔ እንዲህ ባሉ አልጋዎች አጠገብ ብዙ ተቀምጫለሁ። ከሕመሙ በላይ ይህ ጥያቄ ቤተ ሰብን ሲያቆስል አይቻለሁ።

ስለዚህ ዛሬ ምንጩ ሊቃውንትን ለብዙ ዘመን ግራ ያጋባ አንድ የአንጎል በሽታ አንሥቼ ላወያያችሁ እወዳለሁ። በሽታው በየዓመቱ ከአንድ ሚሊዮን ሰው ከአንድ እስከ ሁለት የሚሆነውን ብቻ የሚይዝ ነው። ነገር ግን ስለ ሕመም ምንጭ የሚያስተምረን ነገር ለሁላችንም ይጠቅማል።

አንድ ባልና ሚስት

በአሜሪካ የሚኖሩ ሶንያ ቫላብና ኤሪክ ሚኒከል የሚባሉ ባልና ሚስት አሉ። እርሷ ሕግ፣ እርሱ ደግሞ የከተማ ፕላን ያጠኑ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2010 የሶንያ እናት ጤነኛ ከነበሩበት ድንገት ታመሙ። ነገር መርሳት ጀመሩ፤ ብዙም ሳይቆይ መናገርና መንቀሳቀስ አቃታቸው። ልጃቸው የምታውቃቸው እናት በዓይኗ እያየች ጠፉባት። ዓመቱ ሳያልቅም ዐረፉ።

በኋላ በተደረገው ምርመራ በሽታው በዘር የሚተላለፍ የፕሪዮን በሽታ መሆኑ ታወቀ። ይህ ማለት ልጃቸው ሶንያም የመውረስ ዕድሏ ግማሽ በግማሽ ነበር። ምርመራው በግድ የሚደረግ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ዜና የደረሳቸው ብዙ ሰዎች አለማወቅን ይመርጣሉ። ሶንያና ኤሪክ ግን ማወቅን መረጡ። እ.ኤ.አ. በ2011 ውጤቱ መጣ፤ ሶንያ የእናቷን በሽታ ወርሳ ተገኘች።

ታዲያ ፕሪዮን ምንድን ነው?

ሰውነታችን ብዙ ዓይነት ፕሮቲኖችን ይሠራል። ፕሮቲንን በክር እንደ ተሰካ ዶቃ ቁጠሩት። ክሩ እንደ ተሰካ አይቀርም፤ ተጠቅልሎና ተጣጥፎ የራሱን ቅርጽ ይይዛል። ሥራውንም የሚሠራው በዚያ ቅርጽ ነው። በአንጎላችን ሕዋሳት ላይ በብዛት ከሚገኙት ፕሮቲኖች አንዱ የፕሪዮን ፕሮቲን ይባላል። በእኔም በእናንተም አንጎል ውስጥ አሁን አለ፤ ቅርጹን እስከ ጠበቀ ድረስም ምንም አይጎዳንም።

ችግሩ የሚጀምረው አንዱ ፕሮቲን አለቦታው ሲታጠፍ ነው። የተበላሸው ፕሮቲን አጠገቡ ያለውን ጤነኛ ፕሮቲን በራሱ ቅርጽ ይለውጠዋል፤ የተለወጠውም ቀጣዩን ይለውጣል። ቡሃቃ ውስጥ የገባች ጥቂት እርሾ ሊጡን ሁሉ እንዴት እንደምትለውጠው እናቶች ታውቃላችሁ። ነገሩ እንደዚያ ነው። ለዓመታት ምልክት ላይታይ ይችላል። ከጀመረ ግን ሕዋሳቱ ይሞታሉ፤ አንጎሉም በማጉያ መነጽር ሲታይ እንደ ስፖንጅ ተበሳስቶ ይገኛል። አብዛኞቹ ሕሙማን ምልክቱ ከታየባቸው በኋላ የሚቆዩት ጥቂት ወራት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1982 ስታንሊ ፕሩሲነር የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ «ይህን በሽታ የሚያመጣው ባክቴሪያም ቫይረስም ሳይሆን ፕሮቲን ብቻ ነው» ሲል ብዙዎቹ የሙያ ባልደረቦቹ አልተቀበሉትም። ሕይወት የሌለው ነገር እንዴት ይባዛል? ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1985 ፕሮቲኑን የሚያሠራው ጂን ከውጭ የገባ ሳይሆን የራሳችን ጂን መሆኑ ተረጋገጠ። ይህ ጂን እንዳይኖራቸው ተደርገው የተወለዱ አይጦችም የተበላሸው ፕሮቲን ቢሰጣቸው እንደማይታመሙ እ.ኤ.አ. በ1993 ታየ። ፕሩሲነር እ.ኤ.አ. በ1997 የኖቤል ሽልማት ተሸለመ።

የመጀመሪያው ብልሽት ከየት ይመጣል?

በሦስት መንገድ ይመጣል። ከመቶ 85 ያህሉ ሕሙማን ላይ ምንም የሚታወቅ መነሻ ሳይኖር በራሱ ይጀምራል። ሰውየው ያጠፋው ነገር የለም።

ከመቶ ከ10 እስከ 15 የሚሆኑት ከወላጅ የወረሱት ነው። ጂኑ 253 ዶቃዎች ያሉት ክር እንዲሠራ ያዛል። በሶንያ ቤተ ሰብ ከእነዚህ ውስጥ 178ኛው ዶቃ በሌላ ተተክቷል። ያች አንዲት ለውጥ ክሩ በቀላሉ እንዲበላሽ ታደርገዋለች። እናት ይህን ለልጇ የምታወርሰው ሳታውቅ ነው፤ የዓይኗን ቀለም እንደምታወርስ ማለት ነው።

ከመቶ አንድ እንኳ የማይሞሉት ደግሞ ከውጭ የያዛቸው ናቸው። በብሪታንያ የከብት መኖ ውስጥ የሌሎች እንስሳት ሥጋና አጥንት ዱቄት ይጨመር ስለ ነበር «የእብድ ላም በሽታ» የተባለው ተስፋፋ። በሽታው በከብቶቹ ላይ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1986 ሲሆን፣ ወደ ሰው መተላለፉ በ1996 ይፋ ሆነ። በዚያች አገር 178 ሰዎች ሞተዋል። ይህን ፕሮቲን የወጥ እሳት አያጠፋውም።

በፓፑዋ ኒው ጊኒ ተራሮች በሚኖሩት የፎሬ ሕዝብ ዘንድም «ኩሩ» የተባለ በሽታ ነበረ፤ ትርጉሙ መንቀጥቀጥ ነው። ይበልጥ የሚሞቱት ሴቶችና ልጆች ነበሩ። ሕዝቡ የጠንቋይ ሥራ ነው ብሎ ስላመነ ጎረቤት ጎረቤቱን ይከስ ነበር። እውነተኛው ምክንያት ግን ሌላ ነበር። ፎሬዎች የሞተ ዘመዳቸውን ለማክበር ሲሉ አካሉን ይበሉ ነበር፤ አንጎሉም በአብዛኛው የሚደርሰው ለሴቶችና ለልጆች ነበር። ልማዱ በ1950ዎቹ ሲከለከል በሽታው ቀስ በቀስ ጠፋ። ስንት ሰው በሐሰት ተከሶ ይሆን?

በቤታችን ምን እናድርግ?

የመጀመሪያው ነገር፣ በሽተኛውን አንክሰስ። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባዩ ጊዜ ኃጢአቱ የእርሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው ጌታን ጠይቀው ነበር፤ እርሱም የሁለቱም አለመሆኑን ነገራቸው። እኛም ዛሬ ያንኑ ጥያቄ ይዘን በበሽተኛ ደጅ ባንቆም መልካም ነው።

ሁለተኛው፣ አንሽሽ። የፕሪዮን በሽታ በመንካት፣ በማቀፍ፣ በመሳም ወይም አብሮ በመብላት አይተላለፍም። እጁን ያዙለት፤ አጉርሱት።

ሦስተኛው፣ ባልና ሚስት እንነጋገር። «በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ሕመም ነበረ» ብሎ ለትዳር ጓደኛ መንገር ውርደት አይደለም። በቤተ ሰብ ውስጥ በዘር የሚተላለፍ ሕመም ካለ ሐኪም ማማከሩ መልካም ነው። መመርመር ወይም አለመመርመር ግን ሁለታችሁ በእርጋታ የምትወስኑት ይሁን፤ ማንም አያስገድዳችሁ።

ምንጩን ማወቅ ምን ይጠቅማል?

ሶንያና ኤሪክ ውጤቱን ከሰሙ በኋላ ሥራቸውን ትተው ባዮሎጂን ከሥር ጀምረው ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ2019 ሁለቱም ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ። ዛሬ በብሮድ ኢንስቲትዩት በአንድ ላቦራቶሪ አብረው ይሠራሉ። ሐሳባቸው የተነሣው ከበሽታው ምንጭ ነው፤ ፕሮቲኑ ከሌለ በሽታው ከሌለ፣ ፕሮቲኑን መቀነስ በሽታውን ሊያዘገይ ይችላል። ፕሮቲኑን ለመቀነስ የተሠራ አንድ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2024 በሕሙማን ላይ እየተሞከረ ነበር። በሽታውን እንደሚፈውስ የተረጋገጠ መድኃኒት ግን ገና የለም። ሶንያም የምትሮጠው ከራሷ ጊዜ ጋር ነው።

ውድ ባለትዳሮች፣ እኔን ከሁሉ ይልቅ የነካኝ ኤሪክ ነው። ዶቃው የተለወጠው በእርሱ አንጎል ውስጥ አይደለም። «የአንቺ ቤተ ሰብ በሽታ» ብሎ ዘወር ማለት ይችል ነበር። እርሱ ግን የሚስቱን በሽታ የራሱ ሥራ አደረገው። ምናልባት በእናንተ ቤት ያለው ሕመም ስኳር ወይም ደም ግፊት ይሆናል። ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ አጠገብ ለአጠገብ ተቀመጡና አንዱ ለሌላው «የአንተ» ወይም «የአንቺ» ያለውን ሕመም «የእኛ» በሉት። ከወዴት እንደ መጣ ባታውቁም እንኳ ለብቻው የሚሸከመው ሰው አይኖርም።