ነፍስም እንደ ሥጋ ትታመማለች

በሥነ ልቡና ትምህርታችን ስለ ተማሪዎች ምክር ሲነሣ የሚጠቀሱት ሊቃውንት አብዛኛዎቹ የቅርብ ጊዜ ምዕራባውያን ናቸው። በእስልምናው ዓለም ግን ከሺህ ዓመት በፊት የተጻፈ አለ።

አቡ ዘይድ አል-በልኺ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ850 ገደማ ተወልዶ በ934 አረፈ። አገሩ በልኽ ዛሬ አፍጋኒስታን ውስጥ ነው። ባግዳድ ተምሮ ከተመለሰ በኋላ ስለ ሥጋና ስለ ነፍስ ጤንነት አንድ መጽሐፍ ጻፈ። የነፍሱን ክፍል ሱዳናዊው የሥነ ልቡና ምሁር ማሊክ ባድሪ ወደ እንግሊዝኛ መልሶት በ2013 ታትሟል።

አል-በልኺ የነፍስን ሁከት ቁጣ፣ ፍርሃት፣ ሐዘንና ወስዋስ ብሎ በአራት ይከፍለዋል። ሐዘንን ደግሞ ለሁለት ይለየዋል። አንዱ ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ ሰው ሞቶ ወይም ንብረት ጠፍቶ የሚመጣ። ሌላው ግን ባለቤቱ «ምን ሆነህ ነው?» ቢባል መልስ የለውም። ይህኛው ከደም ጋር የተያያዘ ስለ መሰለው ሰውነትም ይታከም ይላል። የደሙ ነገር ዛሬ የተተወ ሐሳብ ነው፤ ሁለቱን መለየቱ ግን ቀላል ነገር አይደለም።

እኛን የገረመን ሌላ ነው። ሰውየው ሃይማኖተኛ ሆኖ ሳለ የተጨነቀውን ሁሉ «ኢማንህ ደክሞ ነው» ብሎ አይዘልፍም። ሰው ያለ ሥጋ በሽታ ብዙ ዘመን ሊኖር ይችላል፣ የነፍስ ሁከት ግን ማንንም አይምርም ባይ ነው። በየሰፈራችን እኮ አንዱ ዝም ካለ ወይ ጂን ይባልበታል፣ ወይ ይገሠጻል። ዱዓው ይቅር አላልንም፤ ዘለፋው ግን መድኃኒት አይደለም።

ታዲያ ሕክምናው ምንድን ነው? አንደኛው ከውስጥ ነው። ሰው ቤቱ መድኃኒት እንደሚያስቀምጥ ሁሉ ልቡ በተረጋጋበት ሰዓት ጠቃሚ ሐሳቦችን አስቀድሞ ያከማቻል። ሁለተኛው የሌላ ሰው ምክር ነው፤ የታወከ ሰው ከራሱ ይልቅ ሌላውን ይሰማልና። የሚፈራውን ነገር ደግሞ ደጋግሞ እያየና እየሰማ እንዲለማመደው ያዛል። ጥቁር ሰሌዳ ፊት መቆም የሚፈራ ልጅ ይኖራል። መጀመሪያ ከወንበሩ፣ ቀጥሎ ከጓደኛው ጋር፣ በኋላ ብቻውን እንዲያነብ ማድረግ ከዚሁ የተለየ አይደለም።

ወስዋስ የያዘው ሰው ደግሞ ብቻውን እንዳይሆንና ሥራ እንዳይፈታ ይመክራል። ሐሳብ እየወሰደው የሚያስቸግረንን ተማሪ ከክፍል አስወጥተን በረንዳ ላይ ብቻውን ስናቆመው ግን የምናደርገው ተቃራኒውን ነው።