ያውቁ ኖሯል? ከቆዳ ፋብሪካ እስከ መልካ ወረር

አዋሽ ባሕር አይደርስም። 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አፋር ውስጥ፣ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ስለዚህ ከላይ የገባበት ጨውም ሆነ ክሮም ከሸለቆው መውጫ የለውም። የአዲስ አበባ ቆዳ ፋብሪካዎች ፍሳሽ በአቃቂ፣ የሞጆዎቹም በሞጆ ወንዝ በኩል ከአዋሽ ይገናኛል። ከዚያ በታች፣ አፋር ውስጥ ያለው መልካ ወረር ደግሞ ከዚሁ ወንዝ ውኃ ጠልፎ ጥጥ ያለማል።

ከ1 ቶን በጨው የታሸ ጥሬ ቆዳ ያለቀለት ቆዳ ሆኖ የሚወጣው ከ200 እስከ 250 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ነው። ቀሪውን መጣል ግን ሀብት መጣል ነው! ከልፋጩ የሚወጣው ስብ ለሳሙና ይሆናል፤ ከጥሬ ቁርጥራጩ ማጣበቂያና ጀላቲን ይሠራል፤ የተፋቀው ብናኝ ተጨምቆ የጫማ የውስጥ ሶል ይወጣዋል።

ትልቁ ነገር ቆዳ ማልፊያው ክሮም ነው። በተለመደው አሠራር ቆዳው የሚመጥጠው ከ60 እስከ 70 በመቶውን ሲሆን ሌላው ከፍሳሹ ጋር ይሄዳል። ፍሳሹን ለብቻው አጠራቅሞ ማግኒዥየም ኦክሳይድ ቢጨምሩበት ክሮሙ ይዘቅጣል። ዝቃጩ በሰልፈሪክ አሲድ ሟሙቶ ተመልሶ ለማልፋት ያገለግላል። ፋብሪካው የገዛውን ኬሚካል ዳግም ይጠቀምበታል ማለት ነው።

ጨውስ? ቆዳው ከመዘፍዘፉ በፊት ቢራገፍ ከፍሳሹ ጋር የሚሄደው ጨው በከፊል ይቀንሳል። በመልካ ወረር ዙሪያ፣ በዋናነት ከከርሰ ምድር ውኃ ከፍታ የተነሳ፣ መሬቱ በጨው ተጎድቷል። የላይኛው ተፋሰስ ፋብሪካዎች ሌላ ጨው አይጨምሩበት።