ትልልቅ ወፎችን ከእማዬ ጓሮ ማንሳት

ወረታ ውስጥ ፎቶ ቤት አለኝ፤ እንጀራዬ የሰርግና የምረቃ ፎቶ ነው። የእማዬ ቤት ከከተማው ዳር፣ ወደ ጣና በሚያወርደው በኩል ስለሆነ የጓሮው አጥር ሲያበቃ የሩዝ ማሳ ይጀምራል። ፎቶ ቤቴ ግድግዳ ላይ የሰቀልኳቸውን ወፎች የሚያዩ ደንበኞች "ይህን ለማንሳት የት ድረስ ሄድህ?" ይሉኛል። አብዛኛው ከማድ ቤቱ ጀርባ ነው የተነሳው ስላቸው የሚያምኑኝ ጥቂት ናቸው።

ወረታ ያለችበትን የፎገራን ሜዳ የሚያውቅ ግን ያምናል። ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ለጥ ብሎ የተኛ ነው። ክረምት የጉማራና የርብ ወንዞች ሞልተው ያጥለቀልቁታል፤ ከመስከረም በኋላ ውሃው ሲሸሽ ረግረጉና ሩዙ ይቀራል፤ ሩዙ ሲነሳ ደግሞ በእርጥበቱ ሽምብራና ጓያ ይዘራል። ሩዝ ለአገሩ አሮጌ እህል አይደለም። በደርግ ዘመን ሰሜን ኮሪያውያን ባለሙያዎች ሞክረውት የለመደ ነው፤ ዛሬ ግን ፎገራ ሲባል ሩዝ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳው ሲያልቅ በማሳው ላይ የሚረግፈው ፍሬ፣ በአውድማው ዙሪያ የሚበተነው ግርድ፣ ይህ ሁሉ ለቃሚ አለው።

ከለቃሚዎቹ ዋነኞቹ ክሬን የሚባሉት ረጃጅም ወፎች ናቸው። ሦስት ዓይነት ናቸው። ዘውዳማዋ ገላዋ ጥቁር፣ ጉንጯ ነጭና ቀይ፣ አናቷ ላይ ወርቃማ ላባ የቆመ፣ ቁመቷ አንድ ሜትር ገደማ የሆነች የአገሩ ነዋሪ ናት። ከሦስቱ ዛፍ ላይ የምታድረው እሷ ስለሆነች የጓሮ እንግዳ መሆን የምትችለውም እሷ ናት። ሌላው ከአገጩ ሥር ሁለት ነጭ ቆዳ የሚንጠለጠልበት ነው፤ እስከ 1.75 ሜትር ይደርሳል፣ በአፍሪካ ካሉት ክሬኖች ሁሉ ረጅሙ ነው፤ ግን ሰው ይሸሻል፣ ከረግረጉ አይወጣም። ሦስተኛው ግራጫው መንገደኛ ነው። በጥቅምት ገደማ ከሰሜን ምሥራቅ አውሮፓና ከሩሲያ ይመጣል፣ መጋቢት ላይ ይመለሳል። በጣና ዙሪያ በአሥር ሺዎች ይከርማል። የባሕር ዳሩ ተመራማሪ ሽመልስ አይናለም ከጀርመናዊው ጉንተር ኖቫልድ ጋር ሆኖ ስለ ሦስቱም ጽፏል።

ወደ ፎቶው ልመለስ። ሰው የወፍ ፎቶ የሚያምረው በሌንስ ርዝመት ይመስለዋል። እርግጥ 600 ሚሊ ሜትር ያለው ሰው ከእኔ ይሻላል፤ እኔ ያለኝ ሰርግ የማነሳበት 70–200 ነው። ሜዳ ላይ በዚህ ሌንስ ክሬን ብታነሳ ነጥብ ነው የምታገኘው። ጓሮ ላይ ግን ይበቃል፤ ምክንያቱም ወፉ የለመደውን ነገር አይሸሽም። በሬውን ለምዷል፣ እማዬን ለምዷል፣ ሩዝ የምታነፍስበትን ሰፌድ ለምዷል። እናቴ አሥር እርምጃ ላይ ቆማ ስታበራይ ዘውዳማዋ ክሬን እየረገጠች ትለቅማለች። እግሯን ደጋግማ የምትመታው ሳሩ ውስጥ ያለው ነፍሳት ደንግጦ እንዲነሳላት ነው። እኔ በአጥሩ በር ብቅ ካልኩ ግን አንገቷ ይቆማል።

ለምን ቢባል፣ የፎገራ ወፍ ሰውን የሚያውቀው በወንጭፍ ነው። ሩዝ ሲያሽት ልጆች ማማ ላይ ወጥተው ሲጠብቁ ይውላሉ። ስለዚህ ወፉ ፊት ጎንበስ አትበል፤ ድንጋይ ልታነሳ ነው ብሎ ይሄዳል። እጅህን ከትከሻህ በላይ አታንሳ። ትከሻ ላይ የተጋደመ ሌንስም ከሩቅ ጠመንጃ ይመስላል፣ ለወፉም ለሰውም። በዚህ ጊዜ ረጅም ነገር ተሸክሞ ሜዳ ለሜዳ መዞር የሚመከር አይደለም፤ ጓሮዬን የወደድኩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

እኔ የምቀመጠው በረቱ ውስጥ ነው። ከብቶቹ ሳይወጡ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ ገብቼ በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ፤ ካሜራው በግድግዳው ክፍተት ይወጣል። ቁመቴ ዝቅ ስለሚል ወፉን ዓይን ለዓይን አገኘዋለሁ። ቆሞ ወደ ታች የተነሳ ወፍ ሁሉ ዶሮ ይመስላል። ፀሐይ ከጀርባዬ እንድትሆን የበረቱን ምሥራቃዊ ጫፍ እመርጣለሁ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ያለው ብርሃን ለስላሳ ነው። ከ4 ሰዓት በኋላ ሜዳው ይሞቅና አየሩ ይርገበገባል፤ ያኔ የሩቅ ነገር የቱንም ያህል ፎከስ ብታደርግ አይጠራም። ጥፋቱ የሌንሱ አይደለምና ካሜራውን አጥፍቶ ቡና መጠጣት ነው።

ለሚበር ክሬን ሹተሩን ከ1/1000 ሰከንድ አላወርደውም፤ ክንፉ ቀስ ብሎ ስለሚመታ ይበቃዋል። ለጭላት 1/2000 እንኳ ያንሳል። ጥቁር ወፍ ካሜራን ያታልላል፦ ሰማይ ላይ ሲሆን ጥላ ብቻ ይሆናል፣ ብርሃኑን መጨመር ነው፤ ጥቁሩ ሥዕሉን ሲሞላ ደግሞ ካሜራው አመድ ያደርገዋል፣ መቀነስ ነው። ካሜራ የሌለው ሰው የስልኩን ሌንስ በአቅራቢ መነጽር ዓይን ላይ ገጥሞ ቢያነሳ የሚያስደንቅ ነገር ያገኛል። ሙሽራን "ቀና በል፣ ወደዚህ እይ" ይሉታል፤ ወፍን ዝም ብለው ይጠብቁታል።

የጓሮው ትልቁ ቀን የቅርጫ ቀን ነው። ገና ወይም ፋሲካ ጎረቤቱ ተሰብስቦ በሬ ሲጥል፣ ፈርሱ ሳይፈስ አባ ኮዳ ጣሪያው ላይ ተደርድሯል። ክንፉን ሲዘረጋ ሦስት ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረው። ራሰ በራ፣ ከአንገቱ ከረጢት የሚንጠለጠል፣ መልኩን የሚወድለት የለም፤ ለፎቶ ግን እንደሱ የሚመች አላገኘሁም፣ ቆሞ ይጠብቃልና። እግሩ የነጣው በራሱ ኩስ ነው፤ ሙቀት ሲጠናበት እግሩ ላይ ጥሎ ይቀዘቅዛል። ይህን ለእማዬ ስነግራት የሰጠኋትን ፎቶ ከሳሎን አስወረደችኝ። "ልጄ፣ ደግሞ ለአሞራ ማን ይከፍልሃል?" ትላለች።

ከአባ ኮዳ ጎን ምንቃሯ የቀጠነ ትንሽ ጥንብ አንሳ ትመጣለች። ብዙዎቻችን ቀና ብለን እንኳ አናያትም። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ግን እ.ኤ.አ. በ2015 ከመጥፋት አፋፍ ላይ ካሉት መድቧታል። አንዱ ገዳይዋ መርዝ ነው። ለጅብና ለውሻ የተመረዘ ሥጋ ሜዳ ላይ ሲጣል ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት።

ፎቶ ለማግኘት ወፉን ማስነሳት አልወድም። ሲበር የሚያሳይ ፎቶ ያምራል እንጂ ከዘር ማሳው ሲነሳ የበላው የሚቃጠለው ለሽሽት ነው፤ ግራጫው ክሬን ደግሞ ወደ አውሮፓ የሚመለስበትን ስብ የሚይዘው እዚሁ ነው። ክረምት ላይ የዘውዳማዋን ጎጆ ረግረግ ውስጥ ፍለጋ መግባትም አይገባም፤ ሳሩን የገለጥክበት መንገድ ለቁራና ለቀበሮ ይተርፋል። የግራጫውን ክሬን ፎቶ ስትቆርጥ ግን እግሩን አትቁረጥ። አንዳንዶቹ አውሮፓ ውስጥ ጫጩት ሳሉ ባለቀለም ቀለበት ይታሰርላቸዋል፤ የቀለሞቹ ቅደም ተከተል የትውልድ አገሩንና ማንነቱን ይናገራል። ቀለሙ የሚነበብ አንድ ፎቶ ለተመራማሪ ቁም ነገር ነው።

ጣናና ዙሪያው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል። ይሁን እንጂ ፎገራ ውስጥ ያሉት ሸሸርና ወላላ የተባሉት ረግረጎች በሞተር እየተጠጡና እየታረሱ ጠበዋል፤ የሐይቁን ዳር ደግሞ እምቦጭ ይዞታል። ገበሬው ሽንኩርት አያጠጣ ማለት አልችልም፤ እኔም የምበላው ያንኑ ነው። በጓሮ ያለ ሾላና ዋርካ ግን የባለቤቱ ነው። ለማገዶ ወይም ለቆርቆሮ ቤት ቦታ ብላችሁ ልትቆርጡት የተነሳችሁ የወረታና የአካባቢው ሰዎች፣ እባካችሁ ከመቁረጣችሁ በፊት አንድ ምሽት ከሥሩ ቁሙና ማን እንደሚያድርበት እዩ።